ከአሮጌዋ ሳይክል የተማርነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማጓጓዣ ንዑስ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ሦስት ሆነን ነው የቆምነው፤ የምንናገረው ግን በአንድ አፍ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ «ስለ ሳይክሏ ሪፖርት አቅርቡ» ሲል ከመካከላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። አልተቀየምንም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀን ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ አንዲት አሮጌ ሳይክል እንዴት እንደተጠገነች ነው። የማኅበሩን ገንዘብ የት እንዳበላሸነውና የት እንዳዳንነውም ሳንደብቅ እንናገራለን።

ነገሩ የጀመረው ከባጃጅ ነው። እርዳችንን፣ ቁንዶ በርበሬያችንን፣ ኮረሪማችንንና የተፈጨ ቡናችንን አሽገን ወደ ሚዛንና ወደ አማን ሱቆች የምናደርሰው በባጃጅ እንደነበር ታውቃላችሁ። አገራችን ዝናቡ ረጅም ነው። ጭቃው ሲበረታ ባለባጃጁ ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ጨርሶ አልገባም ይላል። ደንበኛ ደግሞ ጭቃ አያውቅም፤ ዕቃው በቀኑ ካልደረሰ ከሌላ ይገዛል። ያን ጊዜ ነው አንዲት እናታችን ተነሥተው «እኔ ቤት ሳይክል አለች» ያሉት።

ሳይክሏን የገዙት የእኒህ እናታችን አባት ናቸው። ጅማ ላይ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ነው የገዟት። አግዳሚ ብረት የሌላት የሴት ሳይክል ስለሆነች ሰው ይስቅባቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ነዷት። ከሞቱ በኋላ ጓዳ ገባች፤ ዶሮ ዕንቁላል የሚጥልባት ሆነች። ቁራሌው በየጊዜው እየመጣ ቢጠይቅም ልጃቸው አልሸጡም። ለማኅበሩ ሲሰጡን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁን፦ «እንድትሠሩባት ነው የሰጠኋችሁ። አትቆራርጡብኝ። አባቴ ቢያያት ሊያውቃት ይገባል።»

ይህ ቃል በኋላ ብዙ አከራክሮናል። የእናታችንን አደራ መጠበቅ ነበረብን፤ በዝናብ ቁልቁለት የምትወርደውን እህታችንንም አንገት መጠበቅ ነበረብን። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሳይክሏ ማን እንደሆነች ማወቅ ነበረብን። ከመሪው በታች ያለውን ዝገት በቀስታ ስንፈገፍገው የወፍ ራስ ያለበት ምልክት ወጣ። የእንግሊዙ ራሌይ ፋብሪካ ምልክት ነው፤ ፋብሪካው የነበረው ኖቲንግሃም በምትባል ከተማ ነው። የኋላ ጎማው እምብርት ላይ ደግሞ «ስተርሚ አርቸር» የሚል ጽሑፍና «64» የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ይህ ኩባንያ ዕቃው የተሠራበትን ዓመት እዚያው ብረቱ ላይ ያትም ነበር። እንግዲህ እምብርቱ የተሠራው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ 1956 ወይም 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን አልተወለድንም ነበር።

ሳይክል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩን፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነበር። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ ፍሬን፣ ካቴና፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የእኛዋ ግን እንግሊዛዊት ናት፤ ጣጣዋም ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋታችን እንምጣ።

ሁለቱም ጎማዎች ተሰነጣጥቀው አልቀው ነበር። በውጭ የሚኖሩ ደጋፊዎቻችን «ምን እንላክላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም የጎማውን ጎን አይተን «26 ቁጥር ጎማ ሁለት» ብለን ጻፍን። ወዳጆቻችን ሳይዘገዩ ጥሩ፣ ወፍራም፣ ጥርሳም ጎማ ገዝተው ላኩልን። ደስ ብሎን ሳይክሏን ገለበጥናት። ጎማው ግን ለቸርኬው ጠበበ። ሳሙና ቀባን፣ ማንኪያ አስገባን፣ ሦስት ሰው ጎተተ፤ እምቢ አለ።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳነው። «26» የሚባል ጎማ አንድ ዓይነት አይደለም። የተራራ ሳይክል የሚባለው 26 ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋቱ 559 ሚሊሜትር ነው። የአሮጌዎቹ የእንግሊዝ ሳይክሎች 26 ግን፣ 26 በ1 3/8 የሚባለው፣ 590 ሚሊሜትር ነው። የ31 ሚሊሜትር ልዩነት በሳሙናም በጉልበትም አይሞላም። ትክክለኛው ቁጥር በዛሬዎቹ ጎማዎች ጎን ላይ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል፤ ለእኛዋ የሚሆነው «37-590» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የጎማውን ውፍረት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ልክ ይነግራል። ትልቁን ቁጥር አንብበን ትንሹን ሳናይ የሰው ገንዘብና የፖስታ ሂሳብ አወጣን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

እነዚያ ጎማዎች ግን አልባከኑም። ሳይክል ለሚጠግነው ወንድማችን ሰጠነው፤ እሱም በምትኩ የእጅ ዋጋ ሳያስከፍል ሠራልን። ይህ በመዝገብ ተጽፏል፤ የሒሳብ ተቆጣጣሪዎቻችን አይተውታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፦ ሳይለካ አይገዛም። ከአናጺ ጎረቤታችን መለኪያ ተውሰን ሁሉንም እየለካን ጻፍን። እንዲህ ስናደርግ ሳይክሏ ለሦስት ተከፈለች፤ ከነበረው ጋር የሚቆይ፣ በአዲስ የሚተካ፣ እና ተሠርቶ የሚገባ።

የሚቆየውን እናስቀድም። ፔዳሉ የሚዞርበት የታችኛው ቤት ውስጥ ያሉት ጥራጥሬዎች ተበልተው ስለነበር ሲዞር እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። ጠጋኙ አዲስ ሙሉ ዕቃ አመጣና ማስገባት ጀመረ። ሁለት ዙር ገባ፤ ከዚያ ጠበቀ። እሱ ቁልፉን ሊያጠብቅ ሲል አስቆምነው። አውጥተን ጥርሱን ቆጠርነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ዕቃ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ነው። ራሌይ በራሱ ፋብሪካ ለሠራቸው ሳይክሎች ግን በኢንች 26 ጥርስ ይጠቀም ነበር። በግድ ብናስገባው ኖሮ አዲሱ ብረት የአሮጌውን ጥርስ በልቶት ሳይክሏ ያን ቀን ታበቃ ነበር። መፍትሔው ርካሽ ሆኖ ተገኘ። የድሮዎቹን ጎድጓዳ ክዳኖች በነጭ ጋዝ አጠብናቸው፤ ገና ለስላሳ ነበሩ። በየጎኑ 11፣ የሩብ ኢንች ጥራጥሬ ገዝተን በግራሶ ደረደርን። አሁን ድምፅ የላትም። የተበላው ጥራጥሬው ሆኖ ሳለ ቤቱን ሁሉ ልንቀይር ነበር።

የኋላው እምብርትም ቆየ። በውስጡ ሦስት ማርሽ አለው፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ ከፍተን ስናየው ጥርሱ ደህና ነው። የሚፈልገው ዘይት ብቻ ነበር። ጎኑ ላይ ትንሽ ክዳን አለችው፤ በእሷ በኩል ቀጭን የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግለታል። ግራሶ አይገባበትም፤ የምግብ ዘይትማ ደርቆ ሙጫ ይሆናል።

ወደሚተካው ስንመጣ ደግሞ ዳገታችን አለ። ሚዛን ዳገት ነው፤ ሳይክሏ የተሠራችው ግን ለሜዳ ነበር። ከፊት 46 ጥርስ፣ ከኋላ 18 ጥርስ ነበራት። በቀላሉ ማርሽ ፔዳሉን አንዴ ብናዞር የኋላው ጎማ 1.9 ዙር ያህል ይዞራል፤ ሃያ ኪሎ እርድ ጭኖ ይህን ዳገት ላይ መግፋት የሚችል ጉልበት የለንም። ስተርሚ አርቸር በ2000 እ.ኤ.አ. ለታይዋን ኩባንያ ተሸጦ ዛሬም ይሠራል። እምብርቱ ላይ የሚሰካው የኋላ ጥርስ አያያዙ ያው የድሮው ነው፤ ሦስት ጎድጎድ ያለው። ስለዚህ በ18ቱ ፋንታ አዲስ 22 ጥርስ ያለው ገባ፤ ያለ ምንም ቅርጫ። አሁን በቀላሉ ማርሽ ጎማው 1.6 ዙር ያህል ነው የሚዞረው። በሜዳ ትንሽ ትዘገያለች፤ ዳገቱን ግን ትወጣለች። ካቴናውም ሁለት ዘለበት መርዘም ነበረበት። ካቴና ስትገዙ ስፋቱን እዩ፤ የድሮው ጥርስ ወፍራም ስለሆነ ለብዙ ማርሽ ሳይክል የሚሠራው ቀጭን ካቴና አይገባበትም።

ተሠርቶ የገባው ፔዳል ያዡን ክንድ የሚያጣብቀው ሽብልቅ ፒን ነው። ሱቅ የተገኘው ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ነበር፤ የእኛው ቀዳዳ 9.5 ይፈልጋል። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል ብለን አስገባነው። በሁለተኛው ቀን ፔዳሉ በዞረ ቁጥር «ቋ» ማለት ጀመረ። ቶርኖ ቤት ሄደን በልኩ አሠራን፣ ገጹን በሞረድ አስተካከልን። ስትመቱት ከክንዱ ሥር በወፍራም እንጨት ደግፉ፤ አለዚያ ምቱ የሚያርፈው በአዲሶቹ ጥራጥሬዎች ላይ ነው።

አሁን የሚከብደው ይመጣል። ስለ ፍሬኑ ነው።

የሳይክሏ ቸርኬ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። በደረቅ ቀን ፍሬኑ ደህና ይይዛል። እርጥብ ሲሆን ግን ላስቲኩ በብረቱ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ይህ የእኛዋ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የብረት ቸርኬ ሁሉ ጠባይ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ ከዚያ እጅግ የተሻለ ይይዛል። እናታችን ግን ጎማዎቹ እንዳይነኩ ለመኑን። «ያ ብልጭታ ነው የአባቴ ሳይክል» አሉ። ከእኛም ሁለቱ ከእሳቸው ጋር ቆሙ፤ አዲስ ላስቲክ ይበቃል አሉ።

አዲስ ላስቲክ ገባ። ከዚያ ቃል ከመማዘዝ ብለን እንፈትነው አልን። ከቢሯችን ጀርባ ባለው ቁልቁለት አንዷ ወጣች፤ ሌላዋ በጄሪካን ውኃ ቸርኬዎቹን አራሰች። ምልክት ያደረግንበት ቦታ ላይ ፍሬን ያዘች። ሳይክሏ ምልክቱን አለፈች፣ አጥሩን አለፈች፣ የጎረቤታችን ቡና ማስጫ አልጋ ላይ ሄዳ ቆመች። ሰው አልተጎዳም፤ የፈሰሰውን ቡና ሦስታችንም እስኪመሽ ለቅመናል። እናታችን ያን ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ምንም አላሉም። ሌላ ቀን መጥተው «የፊቱን ቀይሩ» አሉን።

የፊቱን ብቻ የቀየርነው በምክንያት ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። የኋላው ቸርኬ ደግሞ 40 ራጂ ያለው ስለሆነ ለእሱ የሚሆን አዲስ ማግኘት ይከብዳል፤ ዛሬ የተለመደው 36 ነው። በዚህ ጊዜ ለደጋፊዎቻችን «26» ብለን አልጻፍንም። «590 ሚሊሜትር፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ፣ የፊት፣ ሙሉ» ብለን፣ የሹካውን ስፋትና የፔርኖ ማስገቢያውን ውፍረት ጨምረን፣ ሥዕል ሥለን ላክን። ከሁለት 37-590 ጎማዎች ጋር ትክክለኛው መጣ።

እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አልገባም። የአዲሱ እምብርት ወርድ 100 ሚሊሜትር ነው፤ የሹካችን ክፍተት 91 ነበር። የአዲሱ ፔርኖም ከማስገቢያው ይወፍራል። ጠጋኙ የሹካውን ማስገቢያ በሞረድ ላስፋ አለ። ፈጣን ነበር። እኛ ግን አደራውን አስታወስን፤ ደግሞም ሹካ አንዴ ከተሞረደ አይመለስም። የአዲሱን ፔርኖ ሁለት ጎን በጥቂቱ አስሞረድን፤ ትርፍ ሮንዴላዎቹን አውጥተን እምብርቱን አጠበብን፤ የቀረውን ሹካው በእጅ ቀስ ብሎ ሲከፈት ተቀበለ። ከዚህ ለማኅበራችን የሚሆን ሁለተኛ ደንብ አገኘን፦ መሞረድ ካለበት የሚሞረደው አዲሱ ነው። አዲሱ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ አሮጌው ቢበላሽ ከየት ይመጣል?

አንድ ጥፋት ይቀረናል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነን እሱ ነው። ማርሹን የሚስበውን ገመድ አዲስ አስገብተን በዓይን ግምት አጠበቅነው። በዚህ ዓይነቱ እምብርት በሁለተኛውና በሦስተኛው ማርሽ መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ገመዱ ካልተስተካከለ ፔዳሉ እዚያ ቦታ ላይ በድንገት ባዶውን ይዞራል። አንዷ እህታችን ቆማ እየገፋች ሳለ ፔዳሉ ከሥሯ ከዳት። ወደቀች፤ እጇ ወለም ብሏት ሁለት ሳምንት ቡና መልቀም አልቻለችም። የእነዚያን ሁለት ሳምንታት ሥራዋን ተካፍለን ሠርተንላታል። ጥፋቱ የሳይክሏም የጠጋኙም አይደለም፤ ሳንፈትን ሰው ያስነዳነው እኛ ነን። አሁን ማስተካከያውን ሦስታችንም ተምረናል። በየሰኞው ጠዋት ማንም ከመውጣቷ በፊት ሦስቱም ማርሽ፣ ሁለቱም ፍሬን ቆመን ይፈተሻል፤ የፈተሸችው ትፈርማለች። የወደቀችው እህታችን ናት የመዝገቡ ያዥ።

ዛሬ አምስት አባላት መንዳት ለምደዋል። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ የሚሉን ነገር ነበር፤ «ባልሽ የት ሄዶ ነው» የሚልም አልጠፋ። አሁን «እርድ አለሽ?» ነው የሚሉን። ነጠላ ከካቴናው እንዳይገባ በወገብ ይታሰራል፤ ይህም ደንብ ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ ዕቃችን በሰዓቱ ይደርሳል። ዳገቱ ሲከብድ ወርደን እንገፋለን፤ በዚህ የሚያፍር የለም።

ከሳይክሏ የወጣው ዕቃ ሁሉ አለ። የፊቱ ብረት ቸርኬ ዘይት ተቀብቶ ቢሯችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። 18 ጥርሱ፣ አሮጌው ፒን፣ ያለቁት ጥራጥሬዎች ሳይቀሩ፣ ከየት እንደወጡ ተጽፎባቸው በከረጢት ተቀምጠዋል። ማኅበሩ አንድ ቀን ሳይክሏን ካልፈለጋት እንደነበረች ሆና ለባለቤቷ ትመለሳለች። የተቆረጠ የለም፤ የተበየደ የለም።

ሥራው ያለቀ ቀን እናታችንን ጠራናቸው። ዞረው ዞረው አዩዋት። አዲሱን የፊት ጎማ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ እንደ ድሮው አያብረቀርቅም። ከዚያ መሪው ላይ ያለችውን ደወል መቷት። ደወሏ ያቺው የድሮዋ ናት፤ አልነካናትም። «አባቴ ከአጥር ውጭ ሆኖ ይመታት ነበር፤ በር እንድንከፍት» አሉን። ሌላ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የምንጠይቀውን አቅርበን እንጨርስ።

ለአባላት፦ በየቤታችን ጓዳ የተጣለ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ወፍጮ፣ ሳይክል አለ። ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩን። ምኑ እንዳለቀ አብረን እንለካለን፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው ከሚታየው ያነሰ ነው።

ለደጋፊዎቻችን፦ ልግስናችሁን እናመሰግናለን፤ ስለ መጀመሪያዎቹ ጎማዎችም ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ ልኩን ሳንጽፍ ዕቃ ብንጠይቃችሁ አትላኩልን፤ መልሳችሁ ጠይቁን። አዲስ ሳይክልም አንጠይቅም። የሚያስፈልገን ሚሊሜትር የሚለካ መለኪያ፣ የራጂ ቁልፍና አንድ ሙሉ የኪያቤ ስብስብ ነው። እስካሁን የሠራነው በተዋስነው ነው፤ አናጺው ጎረቤታችንም መለኪያውን ደጋግሞ ጠይቆናል።

ለጉባኤው ደግሞ፦ ሁለት ወጣት አባላት ከጠጋኙ ዘንድ ሥራውን ሊማሩ ፈቅደዋል፤ እሱም ተቀብሏቸዋል። የሚጠየቀው ለስድስት ወር የምሳ ወጪያቸውን ማኅበሩ እንዲሸፍን ነው። ይህ በአጀንዳው ላይ አራተኛው ነጥብ ስለሆነ እጃችሁን ስታወጡ እንድታስቡበት እንለምናለን።

ሳይክሏ ደጅ ቆማለች። መሞከር የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ ኑ፤ መጀመሪያ ግን ፍሬኑን ፈትሹ፣ ከዚያም ፈርሙ።